ፍሬኑ የላላበት ዙር

እህቴ ሳፋ ዳውድ የእሽቅድምድም ሾፌር ናት። እንዲህ ስል ሰው ቶሎ ብሎ የሚያስበው ጎማዋ ወደ ውጭ የወጣ፣ መሬት ላይ የተኛች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ሹል መኪና ነው። የእሷ እንደዚያ አይደለም። «ቱሪንግ ካር» የሚባለው ውድድር መንገድ ላይ በምናያቸው ባለ በር መኪኖች የሚካሄድ ነው። ወንበሩና ምንጣፉ ይወጣል፣ ውስጡ በብረት ቱቦ ይታሰራል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ጎረቤት ደጃፍ ላይ ያቆመው መኪና ይመስላል። እኔ አብራር ታላቅ ወንድሟ ነኝ። በሥራ ቀን ኤርፖርት ጭነት ክፍል እሠራለሁ፤ በውድድር ቀን የእሷን ጎማ እለውጥና በሬዲዮ አነጋግራት ነበር። ስለዚህ የምናገረውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

በፈረንጆቹ 2005 ሳፋ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና ማለት ነው፣ የምትጀምርበት ጋራዥ ትፈልግ ነበር። ዘጠኝ ቦታ ጽፋ ሰባቱ አልመለሱላትም። ሁለቱ «ቦታው ተይዟል» አሏት። አሥረኛው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይት የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ያለው የጋሽ ኣብራሃ ጋራዥ ነበር። ጋሽ ኣብራሃ ኤርትራዊ ናቸው። በሰማንያዎቹ መጥተው፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርተው፣ ከዚያ የራሳቸውን የከፈቱ ሰው ናቸው።

«ለምን መካኒክ መሆን ፈለግሽ?» አሏት።

«መንዳት ስለምፈልግ ነው።»

«መንዳት የፈለገ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። እጁን ግራሶ ምን አስነካው?»

«መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ መኪናው የሚለውን አይሰማም፣ ጋሼ።»

ሳቁና ሰኞ እንድትጀምር ነገሯት።

ከጋራዡ ጀርባ በሸራ የተሸፈነች አሮጌ የውድድር መኪና ነበረች። ጋሽ ኣብራሃ ራሳቸው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይወዳደሩባት ነበር፤ አሸንፈው አያውቁም፤ ግን ቀርተውም አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ሳፋን ለልምምድ ወደሚከራይ ዝግ ሜዳ ወሰዷትና መሪውን ሰጧት፤ እሳቸው ጎኗ ተቀመጡ። ሲመለሱ በቀጥታ እናቴ ኡምሰልማ ሱቅ መጡ። እናቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቅመማ ቅመምና ልብስ ትሸጣለች። ጋሽ ኣብራሃ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ «እኔ ለሃያ ዓመት ስፈራው የኖርኩትን መታጠፊያ ይቺ ልጅ በሦስተኛው ዙር ረሳችው» አሏት።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ሰው የውድድር ፈቃድ የሚሰጠው ሁለቱም ወላጆች ሲፈርሙ ነው። እናቴ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈረመች። የአባቴ ግን ሌላ ነገር ነበር።

አባቴ ዳውድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ለአሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ መኪና ይዞ ከኮምቦልቻ አሰብ ተመላልሷል። ፍራንክፈርት ከመጣ ወዲህ ለአንድ ዳቦ ቤት ማከፋፈያ መኪና ይነዳል፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ቤት ይገባል። ሳፋ ወረቀቱን ያቀረበችለት ምሳ በልቶ ሲጨርስ ነበር። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«የእናትሽ ፊርማ አለ» አለ።

«የአንተ ነው የቀረው፣ አባ።»

«ከእኔ ጋር አሰብ መስመር የጀመርን ሰባት ሾፌሮች ነበርን። ሦስቱን ቀብሬያለሁ። አንዳቸውም ሊሽቀዳደሙ አልወጡም፤ ለቤታቸው ነው የወጡት። አንቺ ለጨዋታ ሂጂ ብዬ አልፈርምም።»

ሳፋ ስትናደድ በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው። «ዳስ ኢስት ካይን ሽፒል» አለችው።

«በኔ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«ጨዋታ አይደለም አልኩ።»

«ካልሆነማ የባሰ ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰላት።

እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችውም። አሥራ ስምንት እስኪሞላት አሥራ አንድ ወር ጠበቀች፣ በልደቷ ማግስት ብቻዋን ሄዳ አመለከተች። አባቴ ሲሰማ አልጮኸም። «ለአካለ መጠን ደርሰሻል፤ አልከለክልሽም። እኔ ግን መጥቼ አላይም» አለ። ቃሉን ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቀ።

የመጀመሪያ ውድድሯ በ2007 ፀደይ ኦሸርስሌበን በሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ ነበር። ሃያ ስድስት መኪኖች ተሰልፈው ሃያ አንደኛ ወጣች። ከመኪናው ስትወርድ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ትስቅ ነበር። እኛ አራት ሰዎች ነበርን፤ እሷ ትነዳለች፣ ጋሽ ኣብራሃ ይጠግናሉ፣ እኔ ጎማ እለውጣለሁ፣ እናቴ ደግሞ በቫኑ የኋላ በር ላይ ተቀምጣ ምግብ ታቀርባለች፣ ዱዓ ታደርጋለች፣ አንዳንዴም ከጎናችን ላሉት ቡድኖች ሳምቡሳ ታድላለች። እሁድ ማታ ቤት ስንገባ አባቴ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል «ገባችሁ?» ይል ነበር። ያ ብቻ ነው። ግን ማግስቱን እኔን ኩሽና ውስጥ አግኝቶ፣ «የቀኝ ጎኗ ለምን ተላጠ?» ይለኛል። እኛ ሳናየው ወርዶ መኪናዋን ዞሮ ያያት ነበር ማለት ነው።

የሳፋ ተሰጥኦ ፍሬን ላይ ነበር። ሌላው ሾፌር መታጠፊያ ሲያይ ቀድሞ ፍሬን ይይዛል፤ እሷ ግን በዚያ ጊዜ ገና ነዳጅ እየሰጠች ነው። ዘግይታ ትረግጣለች፣ በአንዴ ትረግጣለች፣ ጎማው ሊቆለፍ አንድ ፀጉር ሲቀረው ትለቃለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። በዚህ ብቻ በ2008 በአጠቃላይ ውጤት አሥራ አንደኛ፣ በ2009 ስድስተኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዋን ውድድር አሸነፈች። በ2010 ሁለተኛ ሆነች። በዚያ ክረምት ከዳርምሽታት ወገን የሆነ፣ አዲስ መኪናና ሙሉ ባለሙያ ያለው ቡድን ጠራት። ሳፋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ጋሽ ኣብራሃ ከእሷ ጋር መካኒክ ሆነው እንዲመጡ። እሺ አሏት። እኔንም በጎማና በሬዲዮ ቀጠሩኝ።

በ2011 ከዓመቱ ስምንት ውድድሮች አምስቱ ሲያልቁ ሁለቱን አሸንፋ ዋንጫውን ትመራ ነበር። ስድስተኛው በሐምሌ አጋማሽ ሆክንሃይም ላይ ተደረገ። ቀኑ ሞቃት ነበር። አሥራ ስድስት ዙር ነው የሚነዳው። በዘጠነኛው ዙር አንዱ መኪና ከግራ ገፋ አድርጓት አለፈ፤ ከመከላከያው ሥር አንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ስትበር አየሁ። ከባድ አልመሰለኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ዙር ሳፋ ሦስተኛ ነበረች። ከፊቷ ራይነር የሚባል፣ ከኦደንቫልድ የመጣ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ሥራው ጣሪያ መሥራት ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ተወዳድሯል፤ ሰውን ገፍቶ የማያልፍ ጨዋ ሾፌር ነው። የሳፋ መኪና በፊታችን ሲያልፍ አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ከወትሮው ቀደም ብላ ፍሬን የያዘች መሰለኝ። ሬዲዮውን ተጫንኩ።

«ሁሉ ደህና ነው?»

ትንሽ ቆየች። «ደህና ነው» አለች።

ሆክንሃይም ላይ ረጅም ወደ ግራ የሚቀለስ ጎዳና አለ፤ ሙሉ ነዳጅ ነው የሚሰጠው። መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ እንደ ፀጉር መርፌ ጥምዝ የሚል መታጠፊያ ይጠብቃል። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይዞ የመጣ መኪና እዚያ ወደ ስልሳ መውረድ አለበት። በአሥራ አራተኛው ዙር የሳፋ መኪና እዚያ ሲደርስ አልወረደም። ራይነር መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ቀኝ ጎኑን መታችው፤ መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ በሾፌሩ በር በኩል የጎማ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። ሳፋ ወርዳ ወደ እሱ ስትሮጥ በስክሪን አየኋት፤ አንድ ሠራተኛ ይዞ መለሳት። ራይነርን ብረቱን ቆርጠው ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ በሄሊኮፕተር ወሰዱት። ዳሌውና ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳኞቹ ሳፋን ጠሩ። ከኋላ የነበረች መኪና የቀረጸችውን ፊልም ደጋግመው አይተዋል። ራይነር ከዚያ በፊት ከነበሩት ዙሮች ሃያ ሜትር ያህል ቀድሞ ፍሬን ይዟል፤ ከፊቱ ያለው መሪው መኪና ፍጥነት ስለቀነሰ ይሆናል፣ ስለደከመም ይሆናል።

«አንቺ ፍሬን ረግጠሻል?» ሲሉ ጠየቋት።

«በሙሉ ኃይሌ ረግጫለሁ» አለች።

እውነቷን ነበር። ሌላ ጥያቄ አልጠየቋትም። «የውድድር አደጋ፤ ጥፋተኛ የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ኣብራሃ የተጎዳችውን መኪና የፊት ጎማ ፈቱ። የግራውን ፍሬን የሚያቀዘቅዘው የአየር ቧንቧ ከሥሩ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ የፍሬን ዘይቱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ዘይት እንዲህ ሲፈላ ፔዳሉ ይላላል፤ ሲረግጡት ይሰምጣል። በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም፤ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ጋሽ ኣብራሃ ቅዳሜ ምሽት ፍሬኑን ያዘጋጁት እሳቸው ስለነበሩ ሌሊቱን «እጄ ይሆን?» ሲሉ አልተኙም ነበር። ሳፋን ጠሯት። እኔም አብሬ ነበርኩ።

«ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በትግርኛ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፔዳሉ መላላቱን ከአደጋው በፊት አውቀሽ ነበር?»

ሳፋ የተገነጠለውን ቧንቧ አንስታ አገላበጠችው።

«በአሥራ ሁለተኛው ዙር ሰመጠ። ሁለቴ ረገጥኩት፣ ተመለሰ። በአሥራ ሦስተኛው ሦስቴ ረገጥኩት፣ ተመለሰ።»

«ለምን አልገባሽም?»

«ሦስት ዙር ነበር የቀረው፣ ጋሼ። ከገባሁ ነጥቡ ይሄዳል።»

ጋሽ ኣብራሃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ስከስ ነው የዋልኩት» አሉ። የቡድኑ አለቃ ግን በስልክ ሲነገረው ረጅም ንግግር አደረገ። ጉዳዩ በዳኛ ተዘግቷል፣ ሁለት ውድድር ቀርቷል፣ በዘጠኝ ነጥብ ትመራለች፣ የተዘጋ በር የሚከፍት ሞኝ ነው አለ።

በሳምንቱ መጨረሻ ራይነርን ልንጠይቅ ሄድን፤ እኔና ሳፋ ብቻ። አበባ ይዘናል። ራይነር እግሩ በብረት ተወጥሮ ተኝቷል፤ ሲያየን ፈገግ አለ።

«መምጣትሽ ጥሩ ነው» አላት። «ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር።»

«እኔን?»

«ሃያ ሜትር ቀድሜ ይዣለሁ አሉኝ። እኔ እንደ ወትሮዬ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ዓይኔ ርቀት መለካት ትቷል ማለት ነው። መኪናው ግድ የለም፤ በቃኝ። ግን እኔ ጣሪያ ላይ ነው የምሠራው። ርቀት የማይለካ ዓይን ይዤ ሰው ከሥሬ አላቆምም። ትናንት ሥራውን ለወንድሜ ልጅ አስረክቤያለሁ።»

ሳፋ አበባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ «ቶሎ ያሽርህ» አለችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር እስክትነሳ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳት። በአውቶባን፣ በፈጣኑ መንገድ ስንመለስ፣ «ሃያ ሜትር ፍሬን ላለው ሰው ሞልቶ የተረፈ ነው» አለች። «ደህና ፍሬን ቢኖረኝ በጎኑ አልፈው ነበር። የራሱን ዓይን ነው የሚከስ።»

እኔ ያልኳት ዛሬም ያሳፍረኛል። «ዝም በይ። ሁለት ውድድር ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ትነግሪዋለሽ» አልኳት። አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

በአራተኛው ቀን ረመዳን ገባ። በፆሙ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ሰላቱን ሰግዶ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሳፋ ከጋራዥ መጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ሳሎን ነበርኩ፤ በሩ ክፍት ነው። ሁሉንም ነገረችው። ከቧንቧው እስከ ሆስፒታሉ፣ ምንም አላስቀረችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ውድድር ለአባቴ ስታወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ። «ፔዳሉ ሲሰምጥ ምን አልሽ በልብሽ?»

«ትንሽ ነው የቀረው አልኩ።»

«አዎ» አለ። «የባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የጋለበት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቆሞ ማቀዝቀዝ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ያቺን አንድ ሰዓት ማንም መስጠት አይፈልግም።» መነጽሩን አወለቀ። «ሰውየው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ጥፋቱን ራሱ ላይ አድርጎ ተኝቷል?»

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

አላለቀሰችም። ተነሥታ እጇን ታጠበች። አባቴ ጫማውን ማድረግ ሲጀምር አየችው።

«አንተ ወዴት ነህ?»

«አብሬሽ ነኛ። ይህን የሚያህል ነገር ይዞ ብቻውን አይኬድም።»

ሆስፒታል የሆነውን የነገረኝ አባቴ ነው። እሱ በሩ ላይ ቆመ፣ እሷ አልጋው አጠገብ ሄዳ ተናገረች። ራይነር አቋረጣት፤ «ከስንት ዙር በፊት?» አለ። «ከሁለት» አለችው። ከዚያ «ውጪልኝ» አላት። አባቴ ያን ጊዜ በተሰባበረ ጀርመንኛው፣ «እኔ አባቷ ነኝ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። ራይነር ዞሮ አየው። «ልጅህ ጎበዝ ሾፌር ናት» አለው። «አሁን ይዘሃት ሂድልኝ።»

ይዟት ሄደ።

የዋንጫው አዘጋጆች ቢሮ ኦስትኤንድ ሰፈር ውስጥ፣ የመኪና መሸጫዎች ከተደረደሩበት ትልቁ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ሳፋ ራሷ ደውላ ለሐሙስ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዘች። የቡድኑ አለቃ ሲሰማ ቢሮ ከገባች ወንበሯን እንደምታጣ ነገራት። ገባች። ጋሽ ኣብራሃ የተገነጠለውን ቧንቧ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ፤ እኔም ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ሦስት ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል ጠየቋት። አንደኛዋ ሴትዮ፣ «ማንም ሳይጠይቅሽ ለምን መጣሽ?» አለቻት።

«ጠይቃችሁኝ ነበር» አለች ሳፋ። «እኔ ነኝ ግማሹን የመለስኩት።»

ውሳኔው ከኢድ በኋላ በፖስታ መጣ። የዓመቱ ነጥቧ በሙሉ ተሰረዘ፤ ፈቃዷ ለአሥራ ሁለት ወር ታገደ። የዳኞቹ የመጀመሪያ ውሳኔ ተሽሮ ራይነር ጥፋት እንደሌለበት ተጻፈ፤ ግልባጩም ለእሱ ተላከ። ቡድኑ ሁለት መስመር ደብዳቤ ጽፎ አሰናበታት፤ ጋሽ ኣብራሃንና እኔንም አብሮ። ኢንተርኔት ላይ ስሟንና ሃይማኖቷን እያነሱ የጻፉባት ነበሩ፤ እናቴ እንዳታይ ኮምፒዩተሩን እደብቅ ነበር። አይታዋለች፤ ኋላ ነው ያወቅነው። ዋንጫውን ሁለተኛ የነበረው ልጅ ወሰደ።

እኔ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቀይሜያት ነበር። የአራት ዓመት ቅዳሜና እሁዴን በአንድ ከሰዓት የጣለች መሰለኝ። አንድ ቀን አባቴ ይህን አውቆ፣ «ጎማ ነው የለወጥከው፤ ሰው አልሰበርክም» አለኝ። ያን ቀን ደወልኩላት፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። «ለምኑ?» አለችኝ። ረስታዋለች ወይም የረሳች መስላለች።

ጋሽ ኣብራሃ ግን ውሳኔው በመጣ ቀን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሰኞ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አሏት።

«በአንድ ሰዓት ተኩል።»

«ጥሩ። ሁለት ክላች የሚቀየርላቸው አሉ።»

በ2012 አንድም ውድድር አልሄደችም። ማይስተር የሚባለውን የሙያ ማዕረግ ፈተና አጥንታ አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዡን ከጋሽ ኣብራሃ ጋር እኩል ታስተዳድራለች። እገዳው ሲያበቃ አንድም ቡድን አልጠራትም። ስለዚህ ሁለቱ አንዲት የሰባት ዓመት መኪና ፈልገው፣ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ ሲሠሯት ከርመው፣ በ2013 ሚያዝያ እንደገና ኦሸርስሌበን ይዘዋት ሄዱ።

አባቴ ያን ቀን መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ጠዋት ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። መቀመጫ ሰጥተነው አልተቀመጠም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአጥሩ ኋላ ቆመ። ሳፋ ከኋላ ተነሥታ በሰባተኛው ዙር አምስተኛ ደርሳ ነበር፤ ድንገት በሬዲዮ ድምፅዋ መጣ።

«አብራር፣ የፊት ቀኝ ጎማ አካባቢ የሚፋጭ ነገር አለ። እገባለሁ።»

ገባች። ጋሽ ኣብራሃ ከጎማው ሥር ተንበርክከው፣ ከፍሬኑ መከለያና ከዲስኩ መሃል የገባች የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር አወጡ። በመኪናው ላይ ምንም አታመጣም ነበር። ሳፋ ተመልሳ ስትወጣ የመጨረሻዋ ነበረች፣ የመጨረሻዋ ሆና ጨረሰች። ከመኪናው ስትወርድ አባቴ ጠጠሯን ከጋሽ ኣብራሃ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ይዞ እያየ ነበር።

«ለዚህች ነው?» አላት።

«ለእሷ ነው።»

«ይሁን» አለና ወረወራት። ከዚያ ስለ ሦስተኛው መታጠፊያ ይጠይቃት ጀመር፤ ለምን ማርሹን እዚያ እንደምትቀንስ ማወቅ ፈለገ። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ሲከራከሩ መጡ። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነዳሁ።

በ2014 መኪናዋ አርጅታም ሁለት ጊዜ አሸነፈች፤ በአጠቃላይ ሦስተኛ ወጣች። ዋንጫውን አላገኘችም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘችም። በዚያ ዓመት በጋ ሆክንሃይም ላይ ጎማ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ሰው በትር ተደግፎ መጣ። ራይነር ነበር። ሐኪም ዓይኑን አይቶ ምንም እንዳልሆነ እንደነገረው፣ ጣሪያ ላይ በእግሩ ምክንያት መውጣት ባይችልም ልኬቱንና ዕቅዱን ራሱ እንደሚሠራ፣ ከሌሎች ሾፌሮች ሰምተን ነበር። ሳፋ ስታየው ከመኪናው ሥር ወጥታ ቆመች። እጇን መዘርጋት ይኑርባት አይኑርባት አላወቀችም።

ራይነር መኪናዋን ዞሮ አየ። ከዚያ ጎማውን በበትሩ ጫፍ መታ መታ አደረገ።

«በዚህ ሙቀት ስንት ነው የነፋሽው?»

ይህ ማንም ሾፌር ለማንም የማይናገረው ቁጥር ነው። ሳፋ ነገረችው።

«ትንሽ ቀንሺ» አላት። «ከቀትር በኋላ አስፋልቱ ይብሳል።» ራሱን ነቅንቆ ቀስ እያለ ሄደ። ይቅር ብሏት እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ቀነስን። አራተኛ ሆና ጨረሰች።

በ2015 ሳፋ ከሁለት ጀርመናውያን ሴቶች ጋር አንዲት መኪና እየተፈራረቁ የሚነዱበት የአራት ሰዓት ውድድር ኑርቡርግሪንግ ላይ ጀመረች። እኔ ሙንተሃን አግብቼ ስለነበር የጎማውን ሥራ ለሌላ ሰው አስረክቤ ተመልካች ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። ሴቶቹ በምድባቸው አምስተኛ ሆነው ጨረሱ። አባቴ ጃንጥላ እምቢ ብሎ አራቱንም ሰዓት አጥሩን ይዞ ተመለከተና ቤት ሲገባ ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን ተኛ። ዳቦውን ያን ሳምንት ሌላ ሰው አከፋፈለ።